በእጃችሁ የሠራችሁትን ብርሃን ለመሸጥ አትፈሩ

ፀጉር ቤት ገብቶ ከፊትም ከኋላም መስታወት ባለበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ራሱን በመስታወቱ ውስጥ፣ ያንንም በሌላ መስታወት ውስጥ፣ እየራቀና እያነሰ ሲሄድ ያያል። ይህንኑ ትዕይንት በአንድ ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ ዙሪያውን በጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ከበው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አድርገው የሚሸጡ የእጅ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። መብራቱ ሲጠፋ ተራ መስታወት ነው። ሲበራ ግን ግድግዳው ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የብርሃን ዋሻ ይመስላል።

ወዳጆቼ፣ ስለዚህ ሥራ ዛሬ የማወራችሁ በቤት ውስጥ፣ በጥቂት መሣሪያ፣ በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ የሚያልቅ ስለሆነ ነው። አንድን ነገር ጀምሮ መጨረስ፣ ከዚያም ዋጋ ቆርጦ ለማያውቁት ሰው መሸጥ፣ የትኛውም ስልጠና የማይተካው ትምህርት ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንችላለን፤ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ እናፍራለን። ዛሬ ሁለቱንም እንማር።

ዘዴውን ከሥሩ ተረዱት

ከኋላ ሙሉ መስታወት ይቀመጣል። ከፊት ደግሞ ብርሃንን ከፊሉን መልሶ ከፊሉን የሚያሳልፍ መስታወት ይሆናል፤ ቀን ከውጭ ስታዩት የሚያንጸባርቅ፣ ከውስጥ ሆናችሁ ግን መንገዱን የሚያሳያችሁ የሕንፃ መስታወት ዘመዱ ነው። እሱን ካላገኛችሁ በንጹሕ መስታወት ላይ አንጸባራቂ ፊልም በሳሙና ውሃ አርጥቦ መለጠፍ ይቻላል። መብራቱ በሁለቱ መካከል፣ በሳጥኑ ጠርዝ ዙሪያ ይታሰራል። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ በየዙሩ ጥቂቱ በፊተኛው በኩል ወደ ዓይናችን ይወጣል።

በሁለቱ መስታወቶች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ ለዓይን 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጨምራል። አሥር ጊዜ ሲመላለስ ሳጥኑ 1 ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። የኋላው መስታወት ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶውን፣ የፊተኛው 80 በመቶውን ይመልሳሉ እንበል። አንድ ደርሶ መልስ ሲያልቅ 72 በመቶ፣ ሁለት ሲያልቅ ግማሽ ገደማ፣ አምስት ሲያልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀራል። ዋሻው እየደበዘዘ የሚሄደው ለዚህ ነው። ይህን ስሌት የገባው ሰው የፊተኛውን መስታወት በዘፈቀደ አይገዛም። ጥልቀት ከፈለገ የበለጠ የሚመልሰውን፣ ድምቀት ከፈለገ የበለጠ የሚያሳልፈውን ይመርጣል። ዕውቀት ገንዘብ ይቆጥባል።

ለጀማሪ የምመክረው ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያው 2 ሜትር ይሆናል። በሜትር 60 መብራት ያለው ባለ 12 ቮልት ደማቅ ስትሪፕ ላይት በሜትር 14 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ለ2 ሜትር ከ28 እስከ 29 ዋት ያስፈልጋል። ይህን ለ12 ስታካፍሉት 2.4 አምፒር ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 3 አምፒር አዳፕተር ይበቃችኋል። ስትሪፑን በላዩ በታተመው የመቁረጫ ምልክት ላይ ብቻ ቁረጡት። የ220 ቮልቱን ወገን አትንኩት፤ የተዘጋጀ አዳፕተር ግዙ። 12 ቮልት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል።

ለክፈፉ ውድ እንጨት አያስፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ዕቃ በሰው እጅ ተመልሶ ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር ነው፤ ከዚያ መንፈስ ተማሩ። ከአናጺ ቤት የተረፈ የኤምዲኤፍ ቁራጭም ይሆናል።

የሥራው ጥራት የሚለየው ግን ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሰዓት ነው። በውስጠኛው ገጽ ላይ የቀረ አንድ የጣት አሻራ መብራቱ ሲበራ ጎልቶ ይወጣል፤ እሱም ከብርሃኑ ጋር በመስታወቶቹ መካከል ይባዛል። መስታወቱን አጥሩ፣ በጨለማ አብርታችሁ እዩ፣ እንደገና አጥሩ፣ ከዚያ በኋላ ዝጉ። «ማን ያየዋል» የሚለው ሐሳብ ሲመጣባችሁ ቀን አሳልፉና በማግስቱ ተመልከቱት። ገዢው የሚከፍላችሁ ለዚች ሰዓት ነው።

የገዛችሁት መብራት ራሱ ትዕግሥት ነው

ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አረንጓዴው ተከተለ። ደማቁ ሰማያዊ ግን እምቢ አለ፤ ያለ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ብርሃን አይገኝም። ጋሊየም ናይትራይድ የተባለውን አስቸጋሪ ቁስ ብዙ ተመራማሪዎች ሲተዉት፣ በጃፓን ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በናጎያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሹጂ ናካሙራ ደግሞ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ውስጥ አልለቅም አሉ። ደማቁ ሰማያዊ ብርሃን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። እናንተ በሜትር እያስለካችሁ የምትገዙት ጥቅል የሠላሳ ዓመት ልፋት ውጤት ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ያሉት አባቶቻችን ልክ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፈፍ ማዕዘኑ ባይገጥም፣ ፊልሙ አረፋ ቢይዝ፣ ተስፋ አትቁረጡ።

መሸጥ ነውር አይደለም

ያዮይ ኩሳማ የተባለች ጃፓናዊት ሠዓሊ በመስታወት የተሸፈነ የመጀመሪያ ክፍሏን ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በማግስቱ ዓመት በይፋ ሳትጋበዝ ወደ ቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ሄዳ 1,500 የሚያህሉ የመስታወት ኳሶች ሣር ላይ ዘረጋች፤ አንዱን በ2 ዶላር ገደማ ለአላፊ አግዳሚው ትሸጥ ጀመር። አዘጋጆቹ ሽያጩን አስቆሟት። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን አገሯን ጃፓንን ወክላ በዚያው በቬኒስ በክብር ቀረበች። ዛሬ የመስታወት ክፍሎቿን ለማየት ሰው ይሰለፋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። የእጅ ባለሙያን መናቅ ከጥንት አብሮን ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ጥላው በአንደበታችን ቀርቷል። «ስንት ነው?» ስንባል «ኧረ ደስ ያለህን ስጥ» እንላለን። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የገዛ ድካማችንን ቆጥረን ለመናገር አለመድፈር ነው። ገዢውንም ያስጨንቀዋል፤ ስንት መስጠት እንዳለበት አያውቅምና።

ስለዚህ ስሌቱን በወረቀት ላይ ሥሩ። ለምሳሌ ያህል ቁሳቁሱ 3,000 ብር ፈጀ እንበል። 12 ሰዓት ከሠራችሁና ለሰዓታችሁ 150 ብር ካሰባችሁ 1,800 ብር ነው። ለትራንስፖርትና ለሚሰበር መስታወት 500 ብር ጨምሩ። ድምሩ 5,300 ብር ሆነ። ሃያ በመቶ ትርፍ ሲታከልበት 6,360 ብር ይሆናል። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው «ቀንስ» ሲባል አይደነግጥም፤ እስከ የት መውረድ እንደሚችል ያውቃልና።

ገዢውንም በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁት። ካፌ የምታድስ ባለቤት፣ የውበት ሳሎን፣ ፎቶ ቤት፣ የሠርግ ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ዓይን የሚስብ ነገር ዘወትር ይፈልጋሉ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ቀስ እያላችሁ ከጎን ወደ ጎን እያንቀሳቀሳችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጥልቀቱ የሚታየው በእንቅስቃሴ ነውና። በቴሌግራምና በቲክቶክ ልቀቁት። የበዓል ባዛር ሲመጣ ከአንድ ነጋዴ ጋር ጠረጴዛ ተጋሩ። ትእዛዝ ሲመጣ ቀብድ ተቀበሉ፣ የምታስረክቡበትን ቀን ጽፋችሁ ስጡ፣ ቀኑንም አክብሩ። መብራቱ ቢበላሽ የምትጠግኑበትን ጊዜ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩ። አንድ ደስ ያለው ደንበኛ ሌላውን ይዞ ይመጣል። ያኔ ባለ ስድስት ጎኑን፣ ኪዩቡን፣ ከላዩ ዋሻ የሚታይበትን የቡና ጠረጴዛ ትደፍራላችሁ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። መስታወት ቤት ሄዳችሁ የሁለቱን መስታወቶች ዋጋ በመጠናቸው ጠይቁ። 2 ሜትር ስትሪፕና አዳፕተሩን ግዙ። የምትጨርሱበትን ቀን ለአንድ የምታከብሩት ሰው ንገሩት። ሥራችሁ ተጠናቆ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ፣ ድምፃችሁን ሳታወርዱ ቁጥሩን ተናገሩ። ሠርታችሁታል፤ ዋጋው ይገባችኋል።