በአሮጌ ትራክተሮች ላይ የሚረሱ የቅባት ቦታዎች

ከሰበታ ወደ በቾ ሜዳ ወይም ከሱሉልታ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ከወላጆቹ ጋር እኩያ የሆኑ ትራክተሮች ዛሬም ሲያርሱና ድርቆሽ ሲጎትቱ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተመረተው ማሴ ፈርጉሰን 135 እና እ.ኤ.አ. በ1974 ሚንስክ ላይ መመረት የጀመረው ቤላሩስ ኤምቴዜድ 80 ከእነዚህ ውስጥ ይመደባሉ። የቤላሩስ ትራክተሮች በደርግ ዘመን ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) በተቋቋመው ፋብሪካም ይገጣጠሙ ነበር።

አንድ ጊዜ ቡራዩ ውስጥ፣ በአምቦ መንገድ ዳር በሚገኝ ጋራዥ፣ ከአንድ ማሴ ፈርጉሰን ላይ የወረደ ዲናሞ ተመልክተናል። ሾፌሩ የሞተሩን ዘይት በየጊዜው ሳያጓድል ይቀይር ነበር። ሆኖም ዲናሞው ባትሪ መሙላት በማቆሙ ማታ ማታ ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ እያቆመ፣ ጠዋት እያንደረደረ ሲያስነሣ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ እርሻው ሳያልቅ ሥራ አቁሟል። ዲናሞው ሲፈታ የኋላው የነሐስ ቡሽ በአንድ ወገን ተበልቶ ተገኘ። በዚህም ምክንያት የሚሽከረከረው ክፍል ከመሐል ቦታው ወጥቶ ከዙሪያው ብረት ጋር ይፋተግ ነበር። ከበስተኋላ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ በቀለምና በጭቃ ተደፍናለች። ጭቃው ሲጠረግ በአጠገቧ ‹‹ዘይት›› የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተቀርጾ ተነበበ።

የሞተሩ ዘይት አዲስ ሆኖ ሳለ ይህ ቡሽ ለምን ደረቀ? መልሱ ቅባት እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቢቻም ታወር የባቡር አክስል ብሮንዚን ሲመረምር፣ በብሮንዚኑ አናት ላይ ዘይት መጨመሪያ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሊገባ ቀርቶ ወደ ላይ ፈለቀ። ቀዳዳውን በቡሽ፣ ቀጥሎም በእንጨት ቢወትፈው ሁለቱንም እየገፋ አወጣቸው። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበትም ግፊቱ ከአማካዩ ጭነት እጥፍ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠብበው ክፍተት ያስገባዋል፤ መውጫ ያጣው ዘይት ግፊት ፈጥሮ ዘንጉን ያነሣዋል። ዘንጉ በዚህ ጊዜ የሚንሳፈፈው ከጸጉር ውፍረት በእጅጉ በሚያንስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ብረት ብረትን አይነካም፤ የሰበቃው መጠንም ከጭነቱ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ይህ እንዲሆን ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ በቂ ፍጥነት፣ በቂ የዘይት ዝልግልግነት፣ የማይቋረጥ የዘይት አቅርቦት። ከመካከላቸው አንዱ ሲጓደል ንጣፉ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ገጾች የሚለያያቸው በብረቱ ላይ የተጣበቀ፣ በሞለኪውል የሚለካ ቅባት ብቻ ይሆናል። ሰበቃውም አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል። የሞተሩ ዋና ዘንግ ዘይት የሚገፋለት ፓምፕ አለው፤ ዲናሞው ግን በፍጥነት ቢዞርም የፓምፑ ዘይት አይደርሰውም። ቡሹ የነሐስ ዱቄት ታምቆና በእሳት ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳዎች አሉት። ሲሞቅ ዘይት ያወጣል፣ ሲበርድ መልሶ ይመጥጣል። የሚጠፋውን የሚተካው በዚያች ቀዳዳ የሚጨመሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብታዎች ናቸው። ‹‹ጥቂት›› ስንል በምክንያት ነው፤ ትርፉ ወደ ካርቦኖቹ ሄዶ የኤሌክትሪክ ንክኪውን ያበላሻል።

በቤላሩስ ላይ የሚረሳው ሌላ ነው። የፍሪሲዮን መግፊያው ኩሽኔታ ግሪስ የሚያገኘው በፍሪሲዮኑ ቤት ጎን ያለው መክደኛ ተፈትቶ በሚገባ የግሪስ ፓምፕ ነው። ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። እዚህም ላይ ጥቂት ግፊት ይበቃል፤ ግሪሱ በዝቶ ወደ ዲስኩ ቢረጭ ሰበቃ በጥብቅ በሚፈለግበት ቦታ ሰበቃ ይጠፋል፣ ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል። በአሮጌ ሞዴሎች የውሃ ፓምፑም የራሱ የግሪስ ማስገቢያ ጫፍ አለው። ጫፉን ሳይጠርጉ ግሪስ መግፋት ከአለማድረግ ይብሳል ብንል አላጋነንም፤ የአቧራው የኳርትዝ ቅንጣት ከዘይት ንጣፉ ውፍረት ይበልጣልና፣ ኩሽኔታውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ስለ ቅዝቃዜም አንድ ነገር እንጨምር። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ብርድ ይበረታበታል። በዚያ ሰዓት 30 ቁጥር የሞተር ዘይት በሥራ ላይ ካለው ትኩስ ዘይት ከ50 እጥፍ በላይ ሊዘለግል ይችላል። ዘይቱ ዘግይቶ የሚደርሰው ከሞተሩ አናት ላይ ቫልቮቹን ወደሚገፉት ክንዶች ዘንግ ነው። እነርሱም ሙሉ ዙር የማይዞሩ፣ ወዲያና ወዲህ ብቻ የሚወዛወዙ በመሆናቸው የታወርን ዓይነት ንጣፍ በቀላሉ አይሠሩም። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ መርገጥ የሚጎዳው በቅድሚያ እነዚህን ነው፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ዘይት መድረሱን ለማረጋገጥ የአናቱን ክዳን አንሥቶ ክንዶቹ መርጠባቸውን ማየት ይቻላል።

ዘይት ጨርሶ የማይፈልግም ክፍል አለ። የሞተሪኖው ተወርዋሪ ጥርስ ግሪስ ከተቀባ አቧራውን እየሰበሰበ ይጣበቅና አልወጣም ይላል። እርሱን አጽድቶ ደረቁን መተው ይሻላል።