ሶፋው በብድር ይገዛ ወይስ ይቆይ?

ከአዲስ አበባ ለዚህ አምድ የተላከው ደብዳቤ የቤት ዕቃ ጥያቄና የትዳር ጥያቄ በአንድነት የተጣመሩበት ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር በተከራዩት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ለክርስትናው የሚመጡ ዘመዶች ባዶ ቤት እንዳያዩ በማሰብ ከውጭ የገባ ሙሉ ሶፋ ከነቡፌው በብድር ለመግዛት መቁረጣቸውን፣ እርሳቸው ያገለገለ ዕቃ ወይም የአናጺ ሥራ ይሻላል ቢሉ ግን «የሰው አሮጌ ቤቴ አይገባም» የሚል መልስ ማግኘታቸውን ገልጸው ምክር ጠይቀዋል።

እንግዳን በክብር ማስቀመጥ የአገሬው ወግ በመሆኑ የባለቤትየው ሐሳብ ሊናቅ አይገባም። ስሕተቱ የቤቱ ክብር በዕቃው አዲስነት ይለካል ብለው መገመታቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርበው አዲስ ዕቃ በአብዛኛው የሚሠራው ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ ነው። ቺፑድ የእንጨት ስብርባሪ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የሚወጣ ሰሌዳ ሲሆን፣ ኤምዲኤፍ ደግሞ እጅግ ከላመ የእንጨት ቃጫ በሙቀትና በግፊት የሚዘጋጅ ነው። ሁለቱም ገጻቸው ሲሸፈን ያማረ መልክ ቢኖራቸውም፣ ውኃ ከገባባቸው ያብጣሉ፣ ካበጡም ወደ ነበሩበት አይመለሱም፤ አንድ ጊዜ የተነቀለ ብሎንም በዚያው ቀዳዳ እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዝም። ቤት በለቀቀ ቁጥር ቁምሳጥኑን ፈታቶ ለሚገጣጥም ተከራይ ይህ ጉድለት ከማንም የከፋ ነው፤ ብድሩ ተከፍሎ ሳያልቅ ዕቃው ሊላቀቅ ይችላልና።

ጥሩ ዕቃ የሚታወቀው በማይታየው ክፍሉ ነው። ገዢ የሶፋውን አንድ የፊት እግር ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ሲያነሳ ሌላው የፊት እግር አብሮ ከተነሳ አጽሙ ጠንካራ ነው፤ መሬት ላይ ከቀረ ግን መጋጠሚያው ላልቷል ወይም እንጨቱ ይተጣጠፋል። የወንበር እግር በምስማር ብቻ ከተመታ በቶሎ ይወዛወዛል፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ገብቶ በኮላ ከታሰረ ግን ለዓመታት ይጸናል። የስፖንጅ ጥራትም የሚለካው በውፍረቱ ሳይሆን በእፍጋቱ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩቡ በሚመዝነው ኪሎ ነው፤ ለመቀመጫ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፣ ከ20 በታች የሆነው ግን ፈጥኖ ይሰምጣል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ሻጭ የሚናገረውን ሁሉ መቀበል አይገባም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ የነበረ በመሆኑ፣ እጅግ ረክሶ የቀረበ «ዋንዛ» ቀለም የተቀባ ሌላ እንጨት ሊሆን ስለሚችል ቫርኒሽ ያልነካው የታችኛው ገጽ ይታይ፤ ዋንዛ ክብደቱ ቀለል ያለ ሲሆን ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ሳይደርቅ ከተሠራም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በተለምዶ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በክረምት ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ በበጋ የሚከፈተውም ስለዚህ ነው። ለአናጺ ቀብድ ከመክፈል በፊት የእንጨቱ ዓይነት፣ ውፍረቱና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል።

ያገለገለ ዕቃን በተመለከተ ጠያቂዋ ትክክል ናቸው። ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቤተሰቦችም እንዲሁ። ከደረቅ ጣውላ የተሠራ አሮጌ ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባ የማን እንደነበረ የሚያውቅ እንግዳ አይኖርም፤ እንጨቱም መጣመሙን ከዓመታት በፊት የጨረሰ በመሆኑ ከአዲሱ ይልቅ ይታመናል። በሥሩ የላመ የእንጨት ዱቄት የሚያፈስ ጥቃቅን ቀዳዳ ካለ ግን ነቀዝ አለበት፣ አይገዛም፤ ያገለገለ ፍራሽም በትኋን ምክንያት በምንም ዋጋ ወደ ቤት ባይገባ ይሻላል።

እንግዲህ ያለው ገንዘብ አስቀድሞ በየቀኑ የሰውነት ክብደት ለሚያርፍባቸው ለአልጋና ለፍራሽ፣ ቀጥሎም ለጠረጴዛና ለአራት ጠንካራ ወንበሮች ይዋል። ለክርስትናው ዕለት የኪራይ ወይም የእድር ወንበር ይበቃል፤ ማንም ዘመድ በዚህ አይፈርድም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማም የሚላቀቅ መጋጠሚያ የሌለው፣ በየትኛውም ሳሎን የሚያኮራ መቀመጫ ነው። ሶፋው በዕቁብ ገንዘብ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ የተወሰነ ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ሕፃን እያሳደገ ለሶፋ ሲል ወለድ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ባለቤትየው ያገለገለ ዕቃን የጠሉት ተጠርጎና ታድሶ ሳያዩት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠያቂዋ በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ አንድ ቅዳሜ አብረዋቸው አሮጌ ዕቃ ወደሚያድስ አናጺ ዘንድ ቢሄዱና ምርጫውን ለእርሳቸው ቢተዉላቸው መልካም ነው። የብድሩ ውል ግን እስከዚያ ድረስ አይፈረም።