የጣሊያን አሮጌ ብስክሌት ስንት ያወጣል?

አሮጌ የጣሊያን የውድድር ብስክሌት ከአንድ ቤት ጓሮ ወጥቶ ለገበያ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደርሳል። ወይ ባለቤቱ ምንነቱን ሳያውቅ ለቆራሌው በኪሎ ይሰጠዋል፤ ወይ ደግሞ ደላላው «ቢያንኪ ነው፣ ውጭ አገር በሺህ ዩሮ ይሸጣል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ ያለችውን ካፒታል ያስርበታል። የመጀመሪያው ወራሾችን ይጎዳል፣ ሁለተኛው ነጋዴውን። ሁለቱም የሚመጡት ግምት እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ ነው።

በወልድያም ሆነ በመርሳ እንዲህ ያለ ብስክሌት በየቀኑ አይገኝም። ቢገኝ ግን የሚያስገርም አይሆንም። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌና አስመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። አስመራ እ.ኤ.አ. በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር የተጀመረባት፣ የብስክሌት ፍቅር የጸናባት ከተማ ናት፤ ድንበሩ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስም በዚሁ መስመር ሰውና ዕቃ ይመላለስ ነበር። የወልድያ መካኒክ ራሱ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ እያለ ሲሠራ፣ ጎሚስታውም በሙያ ስሙ ሲጠራ፣ ሁሉም ሳይታወቃቸው ጣሊያንኛ ይናገራሉ።

«በጣሊያን ጊዜ የገባ»

ሻጭ በመጀመሪያ የሚያቀርበው ታሪክ ነው። ብስክሌቱ «በጣሊያን ጊዜ የገባ» እንደሆነ ይነገራል፤ አንዳንዴም የጦር መኮንን ንብረት ይደረጋል። ይህን ለማጣራት የቀድሞ ሰነድ መፈለግ የግድ አይደለም፤ የኋላውን ካምቢዮ ማየት ይበቃል። ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ካምፓኞሎ የተባለው የቪቼንሳ ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1933 ጀምሮ ቢሠራም፣ ዛሬ በአሮጌ ብስክሌቶች ላይ የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ተጣጣፊ ካምቢዮ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ይህ ካምቢዮ ያለበት ብስክሌት ወይ ከወረራው በኋላ የተሠራ ነው፤ ወይ ዕቃው በኋላ ተቀይሯል። ኑኦቮ ሬኮርድ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠራው ካምቢዮ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ እንደ 72 ወይም 76 ያለ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ የካምቢዮውን ዓመት በግምት ያመለክታል እንጂ የፍሬሙን ዕድሜ አይናገርም።

ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ውድድር ቁጥር የሚነገር ታሪክ በዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

ስሙና ብረቱ

ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላን ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1952 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈው በዚህ ድርጅት ብስክሌት ነው፤ ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለሙም በዓለም የታወቀ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቢያንኪ ለሱቅ መላላኪያና ለሴቶች የሚሆን ተራ ብስክሌትም በብዛት ሠርቷል። ሁለቱም ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የበሬና የፍየል ያህል ነው። በአንጻሩ ኮልናጎ፣ ዴ ሮሳ ወይም ቺኔሊ የሚሉ፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው ሰምቷቸው የማያውቅ ስሞች ተራው ሻጭ ሳይጠረጥር የሚያልፋቸው ናቸው።

ዋጋን የሚወስነው ከስሙ ይልቅ ብረቱ ነው። ጥሩዎቹ ፍሬሞች ኮሉምቡስ ከተባለ ስስ የብረት ቱቦ የተሠሩ ናቸው። ኤስ.ኤል. የሚባለው ዓይነት ጫፉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት አለው። የርግብ ምልክት ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ማንም ሊለጥፈው ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። የፊተኛው ሹካ ተፈቶ ወደ ፍሬሙ የሚገባው ቱቦ ቢታይ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ሊገኝበት ይችላል። የኋላ ጎማ የሚታሰርበት የብረት ጫፍም ካምፓኞሎ የሚል ቅርጽ ካለበት ፍሬሙ ርካሽ አለመሆኑን ይጠቁማል።

ሌላው መለኪያ የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቱቦ ነው። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የእንግሊዙ 68። የጣሊያኑ ቡሎን ግራውም ቀኙም በአንድ አቅጣጫ ይፈታል፤ የእንግሊዙ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ለውጭ ገበያ በእንግሊዝ ልክ የተሠሩ የጣሊያን ፍሬሞችም ስላሉ ይህ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ተደምሮ ግን ብዙ ይናገራል። የመለያ ቁጥር አለመኖር ሻጩን ሌባ አያሰኝም። ትናንሽ የጣሊያን ወርክሾፖች ቁጥር ሳይመቱ ይሸጡ ነበር።

0.6 ሚሊ ሜትር የሆነን ቱቦ መኪና ከገጨው ወይም ብየዳ ቤት ከገባ ነገሩ ያበቃል። መመርመሪያው ሲባጎ ነው። ሲባጎው ከኋላ ጎማ መያዣው አንዱ ጫፍ ተነሥቶ በፊት በመሪው ቱቦ ዙሮ ወደ ሌላው ጫፍ ይወጠራል፤ ከዚያ ከኮርቻው ቱቦ ግራና ቀኝ ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ጠሟል። በመሪው ቱቦ ሥር ባሉት ሁለት ቱቦዎች ላይ ጣት ሲሄድ የቀለም እጥፋት ወይም እብጠት ከተሰማ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል። የፔዳሉ ክንድ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንዳይኖር በጥንቃቄ ይታያል። የኮርቻው ዘንግ ነክሶ እምቢ ካለም በመዶሻ መምታት አይገባም።

ቀለሙ አይነካ

ጤፍ ሲነፋ ዋጋው ይጨምራል፤ አሮጌ ብስክሌት ሲፋቅ ግን ዋጋው ይወርዳል። የአገራችን ሻጭ ዕቃውን አሳምሮ ማቅረብ ልማዱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለም ቀቢ ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ግን ለተቧጨረው የፋብሪካ ቀለም፣ ለደበዘዘው ጽሑፍና ለመጀመሪያው ዕቃ ነው። በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በትንሽ ዘይት ቢታሽ ይበቃዋል።

ሰብሳቢ ማን ነው ለሚል፣ በጣሊያን ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ኤሮይካ የሚባል የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ተጀመረ። ለመሳተፍ ብስክሌቱ እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠራ፣ የካምቢዮ ማዘዣው ፍሬሙ ላይ ያለ፣ የፍሬኑ ገመድ ከመሪው ውጭ የሚታይ መሆን አለበት። ይህ ደንብ ራሱን የቻለ የገበያ ወሰን ሆኗል፤ የ1985ቱንና የ1990ውን ብስክሌት ለያይቷቸዋል።

እንግዲህ አንዱ ብስክሌት በአንድ ጊዜ ብዙ ዋጋ አለው ማለት ነው። ለወልድያ ተጠቃሚ የሚሰጠው አገልግሎት ትንሽ ነው፤ ጭነት አይችልም፣ ሙጫ የሚለጠፍበትና ዙሪያውን የተሰፋ ጎማ ካለው ደግሞ ጎሚስታው እንደ ሌላው ካላማዳሪያ አውጥቶ አይለጥፈውም። ጠንካራው የቻይና ፊኒክስ ለመርሳ ሜዳ ይሻላል። የሰብሳቢው ዋጋ የሚገኘው ውጭ አገር ነው። ተፈታትቶ በየዕቃው ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው።

ስሌቱ

ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች የአሠራር ማሳያ እንጂ የዕለቱ ዋጋ አይደሉም። እንበል፣ የዚያው ዓይነትና ዘመን የሆነ ሙሉ ብስክሌት በ1,000 ዩሮ ተለጥፎ በ800 ተሸጧል። የሚያዘው 800ው ነው። የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው፤ ዋጋ የሚባለው የተከፈለው ነው። የተገኘው ብስክሌት ግን የራሱ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው የሉትም፤ ገዢው ለዚህ 180 ዩሮ ይቀንሳል። 620 ቀረ። ለአሻሻጩ 10 በመቶ፣ ማለትም 62 ዩሮ፣ ለማሸጊያና ለማጓጓዣ 200 ዩሮ ሲነሣ 358 ይቀራል። ነጋዴው ትርፉን የሚያገኘው ከዚህ በታች ሲገዛ ብቻ ነው።

አሁን ባለቤቱ ከሽያጩ በፊት ብስክሌቱን በሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም አስቀብቶት ቢሆንስ? ገዢው ለዚህ ሌላ 270 ዩሮ ይቀንሳል እንበል። የመሸጫው ዋጋ 350 ይሆናል። ኮሚሽኑ 35፣ ማጓጓዣው ያው 200፣ የሚተርፈው 115 ነው። አንድ ቆርቆሮ ቀለም 243 ዩሮ በላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑንና የፔዳሉን ክንድ ለይቶ መሸጥ ይሻላል። ዕቃዎቹ በ220 ዩሮ ቢሸጡ፣ 22 ለኮሚሽን፣ ትንሽ ጥቅል ስለሆነ 50 ለፖስታ ተከፍሎ 148 ይተርፋል፤ ፍሬሙም እጅ ላይ ይቀራል። ለብስክሌት ወዳጅ የሚያሳዝን ስሌት ነው፤ ነጋዴ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ሳይጽፍ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

ያልተቀባውም ቢሆን 358ቱ ተጣርቶ የገባ ገንዘብ አይደለም። ወልድያ ላይ ያለ ብስክሌት ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አውቶቡስ ጣራ ላይ ከሻንጣ በታች ከተጣለ ስሱ ቱቦ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ጎማው፣ ፔዳሉና መሪው ተፈተው በካርቶን መታሸግ ይኖርበታል፤ የኋላ ጎማ መያዣው ጫፎችም እንዳይጣመሙ በመካከላቸው እንጨት ይገባበታል።

የምንዛሪው ጉዳይም አለ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዩሮ የሚሸጥን ዕቃ ከስድስት ወር በፊት በተሰማ የብር ዋጋ መግዛትም ሆነ መሸጥ ከሁለት አንዱን ወገን መጉዳቱ አይቀርም። የስሌቱ ዩሮ ወደ ብር የሚለወጠው ውሉ በሚፈረምበት ቀን የባንክ ተመን ነው።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ማስታወስ አለበት። ተራ የፋብሪካ ብስክሌት ሁሉ ቅርስ ነው አይባልም። ነገር ግን ሻጩ «የጦር ሠራዊት ንብረት ነበር» ብሎ በጽሑፍ ካስረገጠና ማስረጃም ካቀረበ፣ ዋጋውን ያንረው ያ ታሪክ ራሱ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ቀርቦ በጽሑፍ መልስ ይጠየቅበታል። የአገር ውስጥ ሽያጩም ቢሆን በውል ይሁን፤ ውሉ ላይ የፍሬሙ ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የካምቢዮው ቁጥር፣ የጎደሉት ዕቃዎች ዝርዝርና ወራሾች ብዙ ከሆኑ የሁሉም ፊርማ ይስፈርበት።