ቁጥር ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ፦ የነጥብና የኮማ ጉዳይ

«1.500» የሚለውን አኃዝ ጀርመን ውስጥ የሚኖር ሰው አንድ ሺህ አምስት መቶ ብሎ ያነበዋል። አሜሪካ ለሚኖር ወንድሙ ግን አንድ ተኩል ነው። ጽሑፉ አንድ ሆኖ ሳለ በንባቦቹ መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍ ነው። ጉዳዩ የገንዘብ ሲሆን ቀላል አይደለም።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከስሌቱ ሳይሆን ከአጻጻፉ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ ቁጥር የ0 እና የ1 ድርድር እንጂ ኮማም ሆነ ነጥብ የለውም። እነዚህ ምልክቶች የሚጨመሩት ቁጥሩ ለሰው ዐይን ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ነው።

የፓይተን ቋንቋን ለአብነት እንውሰድ። 1234567.891 የተባለውን ቁጥር በሚነበብ መልክ ለማውጣት ፕሮግራመሩ «:,.2» ብሎ «ኤፍ» የተባለውን የላቲን ፊደል ያስከትላል። ኮማው «ሺዎችን ለይ» ማለት ነው፤ «.2» ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲቀር ያዛል፤ ፊደሉ ደግሞ ውጤቱ በተለመደው የአሥርዮሽ አጻጻፍ እንዲወጣ ያደርጋል። ውጤቱ 1,234,567.89 ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው፣ አጻጻፉ ቢያምርም ከበስተጀርባው ያለው ቁጥር አይለወጥም። ፓይተን 0.1 እና 0.2ን ሲደምር የሚያገኘው 0.30000000000000004 ነው፤ ብዙ የአሥርዮሽ ቁጥሮች በሁለትዮሽ ሥርዓት በትክክል አይገለጹምና። በዚሁ ምክንያት 2.675 በሁለት አኃዝ ሲጻፍ 2.68 ሳይሆን 2.67 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለገንዘብ ስሌት «ዴሲማል» የተባለውን የቁጥር ዓይነት መጠቀም ይመረጣል።

ሁለተኛው የአገር ልማድ ነው። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው 1,500.75 ብሎ ሲጽፍ፣ ጀርመንኛ 1.500,75 ይላል፤ ፈረንሳይኛና ስዊድንኛ ደግሞ ሺዎችን በክፍት ቦታ ይለያሉ። ጃቫ በቁጥር አጻጻፍ ትእዛዙ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ የመሣሪያውን የአገር ቅንብር ይከተላል። በመሆኑም በአሜሪካ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም፣ በጀርመን ኮምፒውተር ላይ 1.5ን «1,5» ብሎ በፋይል ይጽፍና መልሶ ሊያነበው ሲሞክር ስሕተት ብሎ ሊቆም ይችላል። በአንዳንድ የዐረብኛ ቅንብሮችም አኃዞቹ ራሳቸው በዐረብኛ ቅርጽ ይወጣሉ።

መፍትሔው የአንባቢውን ማንነት አስቀድሞ መለየት ነው። ጽሑፉ ለሰው ከሆነ የአንባቢውን አገር ልማድ ይከተል፤ ለሌላ ፕሮግራም ከሆነ ግን በየትም አገር የማይለወጥ አንድ ወጥ አጻጻፍ ይሰጠው።

ተጠቃሚዎችም ገንዘብ ሲልኩ ሙሉ ቁጥርን ያለ መለያ ምልክት፣ ማለትም «1500» ብለው ቢያስገቡና «ላክ» የሚለውን ከመጫናቸው በፊት ማረጋገጫው ላይ የሚታየውን መጠን ቢያነቡ፣ አንዲት ነጥብ ከምታስከትለው ኪሳራ ይጠበቃሉ።