ዓሣ መንጠቆውን ሲነካ ስለ ማወቅ

ልጆች ሆይ፥ ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች፥ ሙጋና ሱሃም ጭምር፥ በምሥራቅ ጎጃም ወርደው ከዓባይ ይገባሉ። በበጋ ውኃው ሲጐድል አንዳንድ ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ኵሬው ይጥላል፤ ዓሣውም ትልቁ ከትንሹ ሳይለይ ፈዞ ይንሳፈፋል፤ ለከርሞ የሚያድገውም አብሮ ያልቃል። መንጠቆ ግን የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የብቸናና የሞጣ ልጅ በመንጠቆ ማጥመድን ቢማር ይገባዋል።

ከወንዝ ድንጋይ ሥር ትንንሽ ትሎች ይኖራሉ፤ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ድረስ ቤታቸው ውኃው ነው፤ ዓሣም ይመገባቸዋል። አጥማጁ ትሉን በመንጠቆ ሰክቶ ከበላዩ በክሩ ላይ ቀላል እንጨት ያስራል። እንጨቱ በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ከታች የሚደረገውን ይነግረዋል።

ብዙ ሰው እንጨቱ እስኪሰጥም ይጠብቃል። ዓሣው ግን የጐረሠውን በአፉ ይመረምራል፤ ብረት መሆኑን ሲያውቅ ፈጥኖ ይተፋዋል፤ እንጨቱም ሳይሰጥም ይቀራል። እንግዲህ በአጠገቡ የሚሄደውን አረፋ ተመልከቱ። ወንዝ ከላይ ይፈጥናል፥ ከታች ይዘገያል፤ ስለዚህ እንጨቱ ከአረፋው ጥቂት ወደ ኋላ ቢቀር ደንበኛ አካሄዱ ነው። ድንገት ቢቆም ወይም ዘንበል ቢል ግን በትሩን ወዲያው ወደ ላይ አንሡ። ምናልባት ድንጋይ ይሆናል፤ ቢሆንም አንሥቶ መመለስ ምንም አይጐዳም። ከበትሩ እስከ እንጨቱ ያለው ክር ረግቦ በውኃው ላይ ከተኛ ግን፥ ምልክቱን ብታዩም መንጠቆው ሳይሳብ ዓሣው ያመልጣል።