አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

ይህንን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ የታላቅ እኅቴ ጥያቄ ነው። እኅቴ በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጠና በተመረቀበት በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፥ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የሚከፈላትም በሠራችው ሥራ ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመት ማሽንዋ ተሰበረ። መለዋወጫው ከቻይና፥ ከጓንዡ ከተማ በአውሮፕላን እንደሚመጣ በተነገራት ጊዜ፥ «አንተ ጂኦግራፊ ትማራለህ፤ መቼ ይደርስ ይሆን?» አለችኝ። እኔም በኩራት አሰላሁላት፤ ነገር ግን ተሳሳትሁ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንፈልግ። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ360 ሲካፈል አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሬት ክብ ስለ ሆነች በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል። ስለዚህ በክፍላችን ባለው ሉል ላይ ከጓንዡ እስከ አዲስ አበባ ክር እንወጥር፤ ያንኑ ክር በምድር ወገብ ላይ ብንዘረጋው 72 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። 72 በ111 ሲባዛ 7,992፥ ይኸውም 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የጄት አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበር፥ ጉዞው 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሲነሣና ሲያርፍ ዝግ ስለሚል፥ ወደ ምዕራብ ሲበርም ብዙ ጊዜ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው፥ 1 ሰዓት እንጨምርለት፤ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እነሆ። አውሮፕላኑ ከጓንዡ የሚነሣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ስለ ተባለ፥ በዚያ ላይ 10 ሰዓት ተኩል ደምሬ «ጠዋት በ4 ሰዓት ተኩል አዲስ አበባ ይገባል» አልኋት። ዳሩ ግን ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፥ ለ15 ዲግሪ ኬንትሮስ 1 ሰዓት ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 75 ዲግሪ ኬንትሮስ ገደማ ስላለ፥ የቻይና ሰዓት ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበረ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ግን ከዚህ ይብሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በረራውም 1 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፥ «በዚያው ቀን እጅሽ ይገባል» አልኋት። ዕቃው ግን ከአውሮፕላን ወርዶ፥ በጉምሩክ ተመርምሮ፥ ተራውን ጠብቆ የደረሰው በ4ኛው ቀን ነው። እኅቴ ቃሌን አምና፥ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ለአስቤዛ አውጥታው ነበርና፥ ኪራዩን ተበድራ ከፈለች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ እኔን ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ የበረራ ጊዜ ሌላ፥ የጉዞ ጊዜ ሌላ መሆኑን እንወቅ። ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል የሒሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ ሰው በእኛ ስሌት ተማምኖ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ደግመን እናስላ።