በትምህርት ቤት ምርጫ ላይ የወላጅ አደራ



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከተማ፣ በባንጃም ሆነ በፋግታ ለኮማ የገጠር ቀበሌዎች፣ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው ወኪሎቻቸውን እንዲመርጡ የሚጠሩበት ቀን አለ። ሰብሳቢው «ጠቁሙ» ይላል፤ ጉባኤው ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው የጎረቤቱን ስም ይጠራል፤ የተጠራውም ብድግ ብሎ «እኔ አልችልም፤ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ» እያለ ይለምናል። በመጨረሻ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ወይ የዓምናው ሰው ነው፤ ወይም በስብሰባው ባለመገኘቱ እንቢ ሊል ያልቻለ ሰው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስማችን ሲጠራ የሥራ ብዛትን ምክንያት አድርገን ተቀምጠናል። በእኛ ምትክ የተመረጡት ሰው በዕለቱ ገበያ ወርደው ስለ ነበር መመረጣቸውን የሰሙት በማግስቱ ነው። በዚያ ዓመት ወኪሎቹ ሁለት ጊዜ እንኳ ተሟልተው አልተሰበሰቡም። ለሴቶች ልጆች የታሰበው መጸዳጃ ቤት ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳይሠራ ክረምት ገባ፤ ጉድጓዱም ተደረመሰ። በሰፈራችን የምትኖር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። ምክንያቱ ያ ብቻ ነበር ብለን አንናገርም፤ ነገር ግን የእርሷን ነገር ባሰብን ቁጥር ያ «አልችልም» ያልንበት ቀን ትዝ ይለናል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው፦ «አልችልም» ማለት መቼ ትሕትና ነው? መቼስ ከአደራ መሸሽ ይሆናል?

1. የምንመረጥበት ቦታ ምንድን ነው?

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች የሕዝብ ተወካዮች ያሉባቸው ኮሚቴዎች ነበሯቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የትምህርት ተቋማት የውስጥ አስተዳደራቸውን ራሳቸው እንዲመሩ፣ ይህም ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች አማካይነት እንዲሆን አመለከተ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ ያወጣው መመሪያ የወረዳውን፣ የቀበሌውንና የትምህርት ቤቱን ድርሻ ለይቶ ደነገገ።

ከእነዚህ ውስጥ ለወላጅ ቅርብ የሆኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው በተለምዶ «ወመህ» እየተባለ የሚጠራው የወላጅና መምህር ኅብረት ነው፤ በኋላ ተማሪዎችም ተጨምረውበታል። በዚህ ኅብረት ወላጆች በወላጆች፣ መምህራንም በመምህራን ይመረጣሉ። ሁለተኛው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሲሆን፣ በቀበሌው ያሉትን ትምህርት ቤቶች የሚከታተል ነው፤ የኅብረቱም ወኪል በዚያ ይቀመጣል። ስለዚህ በኅብረቱ የተመረጠ ወላጅ ድምፁ ከአንድ ግቢ አልፎ ወደ ቀበሌው ሊደርስ ይችላል።

ሥራው ምንድን ነው? ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች እንዲመዘገቡ ማድረግ፣ የሚያቋርጡትን መከታተል፣ የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ማዘጋጀት፣ ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰበውን ገንዘብና ጉልበት ማስተባበር፣ ወጪውንም መቆጣጠር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር አማካይነት በተማሪ ቁጥር ልክ የተሰላ ድጎማ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች መድረስ ሲጀምር፣ የዚህ ወኪል ኃላፊነት ይበልጥ ከበደ። የተማሪ ቁጥር የገንዘብ መለኪያ በሚሆንበት ጊዜ ልጆችን በትክክል የሚቆጥር ታማኝ ዓይን ያስፈልጋልና።

2. «ከእኔ የተሻለ አለ» ስለ ማለት

በአገራችን ባህል ራስን ማጨት ነውር ነው። ሰው ሌላው ሲጠራው እንጂ ራሱ ተነሥቶ «ምረጡኝ» ሲል ጉባኤው በጥርጣሬ ያየዋል። ይህ ባህል መልካም ፍሬ አለው፤ ሥልጣን ወዳዱን ይገታዋል። ነገር ግን ለሽሽትም መጠለያ ይሆናል። ሁሉም ሰው «ከእኔ የተሻለ አለ» ካለ፣ የተሻለው ሰው የትም አይገኝም።

እንዲህ ብንለይ ይበጃል። ትሑት ሰው «አልችልም» ሲል የሚችለውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ እርሱንም በሥራ ለመርዳት ቃል ይገባል። የሚሸሽ ሰው ግን ስሙ እንዳይጻፍ ብቻ ይታገላል፤ ምርጫው እንዳለቀም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በመስከረም ዝም ያለው ሰው በሰኔ ወቃሽ ይሆናል። ደግሞም ራስን ለሥራ ማቅረብና ራስን ማስመስገን አንድ አይደሉም። «ልጄ እዚህ ይማራል፤ በወር ሁለት ከሰዓት በኋላ ልሰጥ እችላለሁ፤ ካመናችሁኝ እሠራለሁ» ብሎ መናገር ነውር የለበትም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች የሚበዙበት የተመረጠ ጉባኤ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር፤ ጉባኤውም ርዕሰ መምህሩን እስከ መምረጥ የሚደርስ ሥልጣን ተሰጠው። በመጀመሪያው ምርጫ የተወዳዳሪው ብዛት የሚያስደንቅ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን የዕጩዎችም የመራጮችም ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ደቡብ አፍሪካም በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ቤቶች ሕግ በአስተዳደር ጉባኤው ውስጥ ድምፅ ካላቸው አባላት ወላጆች አብላጫውን እንዲይዙ ደነገገች። ከእነዚህ የምንማረው ሕግ ወንበሩን ሊያዘጋጅ እንደሚችል፣ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ግን ሊፈጥር እንደማይችል ነው።

3. ቤተ ክርስቲያን ስለ ወላጅ ድርሻ ምን ታስተምራለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የልጆች የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን፣ ይህን ግዴታ ለመፈጸም ግን የመላው ኅብረተሰብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ያስተምራል። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናም በ1990 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ ይህንኑ ኃላፊነት በቅድሚያ በወላጆች ላይ አኑሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ወላጆች ከመምህራንና ከትምህርት ቤት ኃላፊዎች ጋር ቅን ግንኙነት እንዲኖራቸው አሳስበዋል። ስለዚህ ልጅን አስመዝግቦ ደብተር መግዛት የአደራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የምናነበው የሰባቱ ዲያቆናት ምርጫም ለዚህ ጉዳይ ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ነገሩ የተጀመረው በቅሬታ ነው፤ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ በሚደረገው እደላ ይዘነጉ ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁም፤ ሰዎቹንም ራሳቸው አልመረጡም፤ ማኅበሩ በመልካም ስም የተመሰከረላቸውን እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ልብ እንበል። የተዘነጉትን የሚያውቁ፣ ቋንቋቸውንም የሚሰሙ ሰዎች እደላውን እንዲመሩ ተደረገ ማለት ነው።

በአዊ ይህ ቅርባችን ነው። አዊኛ በአካባቢያችን በአንደኛ ደረጃ የመማሪያ ቋንቋ ሆኖ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ይማሩበታል። የወላጆች ስብሰባ ግን ብዙ ጊዜ በቢሮ አማርኛ ይካሄዳል፤ «ግብዓት»፣ «ክንውን»፣ «ተግዳሮት» ሲባል አዊኛ ተናጋሪዋ እናት ዝም ትላለች። ዝምታዋም እንደ ስምምነት በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። እንዲህ ያለች እናት በኅብረቱ ውስጥ ብትመረጥ፣ ስብሰባውም በምትሰማው ቋንቋ ቢመራ፣ ልጆች ለምን እንደሚቀሩ ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት።

4. ማን ይመረጥ?

ዮቶር ለሙሴ ፈራጆችን ስለ መምረጥ በመከረ ጊዜ ከጠቀሳቸው መመዘኛዎች አንዱ ጥቅምን የሚጠሉ ሰዎች እንዲሆኑ ነው። እኛም ዕጩ ስንጠቁም የሚከተሉትን እንመልከት።

ሀ) በዕድር ወይም በማኅበር ገንዘብ ይዞ ሒሳቡን በሰዓቱ ያስረከበ ይሁን። ደብተር መያዝን፣ ደረሰኝ መጠየቅንና በሰው ፊት መቆጠርን ዕድር አስተምሮታልና።

ለ) ጊዜ ያለው ይሁን። በድንች ቁፋሮ ወይም በዲከረንስ ከሰል ወቅት ሁላችንም እንጠመዳለን። ይሁን እንጂ ልጆች ከክፍል የሚጠፉት በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ በሥራ ወራት እንኳ ለአንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ሊመጣ የሚችል ሰው ይፈለግ።

ሐ) ማንበብና መጻፍ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያልተማረ ወላጅ አይናቅ። ባይጽፍም ቆጥሮ የሚያውቅ፣ ጠይቆ የማያፍር ሰው ብዙ ይሠራል። ጽሕፈቱን ሌላው አባል ይይዝለታል።

መ) እናቶች በጉባኤው ለስም ብቻ አይግቡ። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ደኅንነት ሴት ልጅ ለእናቷ የምትናገረውን ለአባቷ አትናገርም።

5. ከተመረጡ በኋላ

በመጀመሪያው ወር ተመራጩ ሦስት ነገሮችን ይወቅ፦ በመዝገብ ያሉት ተማሪዎች ስንት ናቸው? ዛሬ በክፍል የተገኙት ስንት ናቸው? በትምህርት ቤቱ እጅ ያለው ገንዘብ ስንት ነው? እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ተመራጭ በስብሰባ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የቀሩትን ልጆች በየቤታቸው ይጎብኝ። «ለምን ቀረ?» ብሎ በቁጣ ከመጠየቅ «ምን አስቸገራችሁ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። መምህራኑንም እንደ ተከሳሽ አይመልከት፤ ደመወዙ የማይበቃው፣ በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር መምህር ወዳጅ ያስፈልገዋል። ስሕተት ካገኘ ግን በጉባኤ ፊት ከማውጣቱ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ለብቻው ይንገር፤ ካልታረመ ወደ ቦርዱ ያቅርብ። በዓመቱ መጨረሻም ገቢና ወጪውን ለወላጆች በሚሰሙት ቋንቋ ያንብብ። ይህ ሲደረግ የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ዝምታ ይቀንሳል፤ ሰው ሥራውን አይቷልና።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መመረጥ ከድካም በላይ ስጋትም ያለበት ነው፤ ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ሰግቶ «አልችልም» ያለውን ወላጅ ማንም ሸሸ አይበለው። ነገር ግን ልጆች ወደ ክፍል የሚመለሱበትን መንገድ የሚፈልጉት፣ ትምህርት ቤት የማንም ወገን ሳይሆን የልጆች ቤት መሆኑን ለሁሉም የሚያስረዱት፣ በሰፈሩ የተከበሩና የታመኑ ወላጆችና ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ሸክም ለአንድ ሰው ጥለን መሄድ አይገባንም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ለዚህ ነው።

6. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እኛ ካቶሊካውያን በዚህ አካባቢ በቁጥር ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ከእኛ ወገን የሚመረጥ ሰው የቁምስናውን ጥቅም ለማስጠበቅ እንደ ተላከ እንዳይመስል እንጠንቀቅ። የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ የእኛም ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣል፤ ተመራጩም የሁሉም ወላጅ ነው። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ማስታወስ፣ በዕለቱም አብሮ መሄድ በቂ ነው። ማንን ይምረጡ ብሎ መንገር ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

— ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ተገኝተን ነበርን? ካልተገኘን ምክንያታችን ምን ነበር?
— በሰፈራችን ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን በስም እናውቃቸዋለንን?
— የትምህርት ቤታችንን የዓመቱን ገቢና ወጪ የሰማነው መቼ ነው?
— በሚመጣው ምርጫ ስማችን ቢጠራ ምን ብለን እንመልሳለን? «አልችልም» የምንል ከሆነ የማንን ስም እንጠራለን? እርሱንስ በምን እንረዳዋለን?